ገዳሙ ሲፈርስ የቆመችው አጥቢያ

በ1988 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዩኔስኮ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ የምትገኘውን የካንተርበሪን ሦስት ሥፍራዎች በአንድነት በዓለም ቅርስነት መዘገበ። አንደኛው ካቴድራሉ ነው፤ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቀዳሚ ሊቀ ጳጳስ መንበር። ሁለተኛው በቅዱስ አውግስጢኖስ ስም የሚጠራው ገዳም፣ ይልቁንም ከገዳሙ የተረፈው ፍርስራሽ ነው። ሦስተኛዋ ከጥንቱ የከተማ ቅጥር ውጭ፣ በስተምሥራቅ በኩል ካለው ጉብታ ላይ የተቀመጠችው የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ናት። ጎብኚ የሚጎርፈው ወደ ካቴድራሉ ነው፤ ጉብታው ድረስ የሚዘልቀው ጥቂቱ ነው። ሆኖም ከሦስቱ በዕድሜ የምትበልጠው ይህችው ትንሿ ናት። እንግሊዝኛ በሚነገርበት ዓለም እስከ ዛሬ አገልግሎት ከሚሰጡ አብያተ ክርስቲያናት መካከልም እሷን የሚቀድም እንደሌለ ይታመናል። ስለ እሷ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የሚያተኩረው በአጀማመሯ ላይ ነው፤ ንግሥቲቱ፣ ሚስዮናውያኑ፣ የንጉሡ መጠመቅ። እኔ ግን ይበልጥ ማብራሪያ የሚያሻው መቆየቷ ይመስለኛል። የተጀመረ ነገር ብዙ ነው፤ በእንግሊዝ ምድር በዚያው ዘመን ተጀምሮ ዛሬ የመሠረቱ ድንጋይ ብቻ የቀረ ቤተ ክርስቲያን ጥቂት አይደለም። ቅዱስ ማርቲንን ከሁሉ በላይ ያቆያት ተራ የከተማ አጥቢያ መሆኗ ነው እላለሁ፤ ጣሪያው ሲያፈስ ማን ያሳድሰዋል ለሚለው ጥያቄ ሕግና ልማድ አስቀድመው መልስ የሰጡላት ቤት መሆኗ። ቅድስናዋ፣ ዝናዋ፣ የግንቧም ጥንካሬ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

መነሻውን አለማንሳት ግን አይቻልም። ቢድ የተባለው መነኩሴ በ731 በጨረሰው የእንግሊዝ ሕዝብ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ መጽሐፉ፣ ከካንተርበሪ በስተምሥራቅ ሮማውያን በአገሪቱ ሳሉ ለቅዱስ ማርቲን ክብር የተሠራች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን እንደነበረች፣ ንግሥቲቱም ትጸልይባት እንደነበር ጽፏል። ቢድ የኖረው በሰሜኑ ዳርቻ ነው፤ ስለ ካንተርበሪ ግን መረጃ ያቀበለው አልቢኑስ የተባለው የካንተርበሪው የቅዱስ አውግስጢኖስ ገዳም አበምኔት ስለነበር ወሬው ከሩቅ የተለቀመ አልነበረም። ንግሥቲቱ በርታ ትባላለች፤ የፓሪስ ንጉሥ የነበረው የቀዳማዊ ካሪበርት ልጅ ናት። አረማዊውን የኬንት ንጉሥ ኤቴልበርትን ስታገባ ሃይማኖቷን እንድትጠብቅ ስምምነት ተደርጎላት፣ ሊውድሃርድ የሚባል ጳጳስም አብሯት መጣ። ይህ ጳጳስ የቢድ ብዕር ብቻ የፈጠረው ሰው እንዳልሆነ የሚመሰክር ነገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዚሁ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ከመሬት ወጥቷል። ሳንቲም የምታህል የወርቅ ጌጥ ናት፤ በአንዱ ገጿ ላይ የሊውድሃርድ ስም ከነጵጵስና ማዕርጉ ተቀርጾባታል። ዛሬ የምትገኘው ሊቨርፑል ውስጥ በሚገኝ ሙዚየም ነው። በ597 በአውግስጢኖስ የሚመሩ አርባ ያህል ሰዎች ከሮም ሲደርሱ (ይህ አውግስጢኖስ የሂጶው ሊቅ አይደለም፤ ከእርሱ አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ዘግይቶ የመጣ መነኩሴ ነው) መጀመሪያ የጸለዩት፣ የቀደሱት፣ የሰበኩትና ያጠመቁት በዚችው በንግሥቲቱ ቤተ ክርስቲያን ነበር። የላካቸው የሮም ሊቀ ጳጳስ፣ ታላቁ ጎርጎርዮስ፣ በ601 ለበርታ በጻፈላት ደብዳቤ ከንጉሥ ቆስጠንጢኖስ እናት ከእሌኒ ጋር ያመሳስላታል። መስቀልን ለሚያከብር የኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ምን ያህል ከፍ ያለ ውዳሴ እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ያው ደብዳቤ ግን ባልሽን ቀደም ብለሽ ወደ ሃይማኖት ማቅረብ ነበረብሽ የሚል ለዘብ ያለ ወቀሳም አለበት። ጎርጎርዮስ የካንተርበሪን ወሬ ለእስክንድርያም አድርሷል፤ በ597 የልደት በዓል ከአሥር ሺህ በላይ ሰዎች መጠመቃቸውን የነገረው ለፓትርያርክ ኤውሎጊዮስ ነበር። ኤውሎጊዮስ የኬልቄዶንን ጉባኤ የተቀበለው ወገን ፓትርያርክ እንጂ ለኢትዮጵያ ጳጳስ ይልክ በነበረው መንበር የተቀመጠ አይደለም። ቁጥሩንም እንደ ቆጠራ ውጤት ሳይሆን እንደ ደስታ መግለጫ ማንበብ ይሻላል።

ግድግዳው ራሱ ምን ይላል? የመቅደሱ ምዕራባዊ ክፍል በሮማውያን ዘመን በተሠራ ጠፍጣፋ ሸክላ ጡብ የተገነባ ነው። ከእርሱ ጋር የተያያዘውና ሕዝቡ የሚቆምበት ሰፊው ክፍል ግን ድንጋይና ጡብ የተቀላቀለበት ሲሆን ማያያዣው የተፈጨ ሸክላ ያለበት ኖራ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ እንደሚያሳየው ሰፊው ክፍል በኋላ የተጨመረ ነው፤ የአውግስጢኖስ ሰዎች ከመጡ በኋላ ምእመኑ ሲበዛ እንደተሠራ አብዛኞቹ አጥኚዎች ይስማማሉ። የማይስማሙት በመጀመሪያው ክፍል ነው። ሮማውያን ራሳቸው የሠሩት ነው የሚሉ አሉ፤ ምናልባት መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን መቃብር ቤት ነበር የሚሉም አልጠፉም። ሌሎች ደግሞ ጡቡ የሮማውያን ቢሆንም ከፈረሱ ቤቶች ተለቅሞ ለበርታ የተሠራ ነው ይላሉ። ስያሜው ለሁለተኛው ወገን ያደላል። የቱር ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ማርቲን ያረፈው በ397 ነው፤ የሮም አስተዳደር ከብሪታንያ የተነቀለው በ410 አካባቢ ነው። በእነዚያ አሥራ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ገና ያረፈ የጎል ጳጳስ በኬንት ጉብታ ላይ ቤተ ክርስቲያን ተሰየመለት ከማለት፣ ማርቲንን እንደ አገራቸው ጠባቂ የሚያዩት የበርታ ወገኖች፣ ፍራንኮች፣ ስሙን ይዘው መጡ ማለት ይቀላል። የበርታ እናት ኢንጎበርጋም ለቱርና ለማርቲን ቤተ ክርስቲያን ሀብቷን የተናዘዘች ሴት ነበረች። ስለዚህ ቢድ ሕንፃውንና ስሙን በአንድ ዘመን ማስቀመጡ ያጠራጥራል፤ ንግሥቲቱ ትጸልይባት ነበር ማለቱን ግን የሚያፈርስ ነገር አልተገኘም። ለእኔ ክርክር ይህ ልዩነት ብዙ አይለውጥም። ጡቡ በ380 ተደረደረም በ580፣ ከዚያ በኋላ ላለፉት አሥራ አራት መቶ ዓመታት ማን ጠገነው የሚለው ጥያቄ ያው ነው።

አጀማመሯ የንግሥት ቤት ቢሆንም ክብሩ አብሯት አልዘለቀም። ኤቴልበርት ከተጠመቀ በኋላ አውግስጢኖስ በቅጥሩ ውስጥ የካቴድራሉን መሠረት ጣለ፤ ከቅጥሩ ውጭ ደግሞ በጉብታውና በከተማው መካከል ገዳም ተከለ። ነገሥታቱም ሊቃነ ጳጳሳቱም መቃብራቸውን ያደረጉት በገዳሙ ነው፤ ኤቴልበርት በ616 ሲሞት ያረፈው እዚያ ነው፤ በርታም እንዲሁ። ጉብታው ላይ ያለችው የመጀመሪያዪቱ ቤት ከመንግሥትም ከመንበርም ርቃ ቀረች። ከኖርማኖች ወረራ በፊት በ11ኛው ክፍለ ዘመን ሊቀ ጳጳሱን የሚያግዙ ጳጳሳት በቅዱስ ማርቲን ስም ይሾሙ ነበር፤ አንዱ፣ ኤድሲጌ፣ በኋላ ራሱ ሊቀ ጳጳስ ሆኗል። ላንፍራንክ በ1070 መንበሩን ሲይዝ ይህን ሹመት አስቀረው። ከዚያ በኋላ ያለው የቅዱስ ማርቲን ታሪክ የትንሽ አጥቢያ ታሪክ ነው። በ1200 አካባቢ መቅደሱ ወደ ምሥራቅ ረዘመ፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በባልጩት ድንጋይ የተሠራ አጭር የደወል ግንብ ከምዕራቡ ጫፍ ቆመ። በውስጧ ያለው የማጥመቂያ ገንዳ ኤቴልበርት የተጠመቀበት ነው የሚል አፈ ታሪክ አለው፤ ቅርጹ ግን ኖርማናዊ ስለሆነ ከንጉሡ ቢያንስ በአምስት መቶ ዓመት ያንሳል። አንዳንዶች እንዲያውም መጀመሪያ የውኃ ጉድጓድ አፍ ነበር ይላሉ። የጉድጓድ አፍ ከነበረና ወደ ማጥመቂያ ከተቀየረ ደግሞ፣ ከሌላ ቦታ የተረፈ ዕቃ አምጥቶ ለአገልግሎት የማዋል የቆየ የደሃ አጥቢያ ዘዴ ነው፤ አፈ ታሪኩ ከሚሰጠው ክብር ይልቅ ይህ የቤተ ክርስቲያኒቱን ጠባይ ይነግረናል።

አጥቢያ ስንል በዚያ አገር የሚጸልዩ ሰዎች ስብስብ ማለት ብቻ አልነበረም። ድንበሩ የታወቀ መሬት፣ በዚያ ድንበር ውስጥ የሚኖር ሰው ሁሉ የሚከፍለው አሥራት፣ የሚጠመቅበት፣ የሚያገባበትና የሚቀበርበት መብት፣ ከመብቱም ጋር የተያያዘ ግዴታ ማለት ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ሥርዓት በ597 አልነበረም፤ በእንግሊዝ ቀስ በቀስ መልክ የያዘው ከ10ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ነው። በመካከለኛው ዘመን የጸናው ልማድ ሕንፃውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ መቅደሱን የማሳደስ ወጪ አሥራቱን የሚበላው ካህን ወይም ተቋም ይሸከማል፣ ሕዝቡ የሚቆምበትን ክፍልና ግንቡን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ። ለዚህም ምእመናኑ ከመካከላቸው ተጠሪዎች ይመርጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ናቸው። ገንዘብ ይሰበስባሉ፣ ዕቃ ይጠብቃሉ፣ ሒሳብ ያሳያሉ። እነዚህ ሰዎች ነጋዴ፣ ጫማ ሰፊ፣ ገበሬ ነበሩ፤ መነኮሳት አልነበሩም። ነገሩ ደረቅ ይመስላል፤ የታሪክ መጻሕፍትም ስለ ንግሥት በርታ ገጾች ሲሰጡ ስለ ጣሪያ ቆርቆሮ አንድ መስመር አይተርፋቸውም። ሆኖም ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ለመረዳት ከንግሥቲቱ ይልቅ የሚረዱን እነዚህ ተጠሪዎች ናቸው።

ምክንያቱም 1538 መጣ። ሄንሪ 8ኛ በ1534 ራሱን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ አድርጎ ካወጀ በኋላ ገዳማቱን አንድ በአንድ ያፈርስ ነበር። በ1538 ሐምሌ የቅዱስ አውግስጢኖስ ገዳም ለንጉሡ ተላልፎ ተሰጠ፤ ሊሞላው ስድሳ ዓመት ብቻ ይቀረው የነበረው የአንድ ሺህ ዓመት ታሪክ አበቃ። በዚያው ዓመት በካቴድራሉ ውስጥ የነበረው የቶማስ ቤኬት መካነ ቅድስናም ፈረሰ። ቤኬት በ1170 በዚያው ካቴድራል በንጉሥ ባለሟሎች የተገደለ ሊቀ ጳጳስ ነው፤ መካነ ቅድስናው ከአውሮፓ ታላላቅ የተሳላሚ መዳረሻዎች አንዱ ሆኖ ነበር። ከላዩ የተነሣው ወርቅና ዕንቁ በሃያ ስድስት ጋሪ ተጭኖ ወደ ንጉሡ ግምጃ ቤት ሄደ ይባላል። የገዳሙ ጥቂት ክፍሎች የንጉሡ ማረፊያ ሆኑ፤ አራተኛ ሚስቱ የክሌቭሷ አን በ1539 መጨረሻ ወደ ሠርጓ ስታልፍ አድራበታለች። ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ግን ጣሪያው ወልቆ ድንጋዩ ተሸጠ። ግቢው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት ቢራ መጥመቂያና መጠጥ ቤት እስከ መሆን ደረሰ። አሁን የሚመጣው ዝርዝር ለእኔ የምዕራፉ ቁልፍ ነው። ገዳሙ በፈረሰበት፣ የቤኬት መቃብር በተበረበረበት በዚያው በ1538፣ የንጉሡ ዋና ባለሥልጣን ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን የሚመዘግብበት መዝገብ እንዲይዝ አዘዘ። ያው እጅ ነው፤ በአንድ ወገን ገዳሙን ሲንድ በሌላው አጥቢያውን የመንግሥት ሥራ አስፈጻሚ አደረገው። በ1601 የድሆች መርጃ ሕግ ሲወጣም ሸክሙን የተሸከመው አጥቢያው ነው። ንጉሡ ለገዳም መተኪያ ነበረው፤ ለአጥቢያ ግን መተኪያ አልነበረውም።

ይህን ክርክር ለመመዘን ታሪክ አልፎ አልፎ የሚሰጠን ዓይነት ንጽጽር በዚሁ ሰፈር አለ። በገዳሙ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤተ ክርስቲያን በስተምሥራቅ፣ የቅዱስ ጰንቅራጦስ ቤተ ክርስቲያን የሚባል ፍርስራሽ ይታያል። የሮማውያን ጡብ ነው፤ አሠራሩ ከ7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብዙ የሚርቅ አይደለም፤ ከቅዱስ ማርቲን ጋር የሚለያየውም በአጭር የእግር መንገድ ነው። ታሪኩም ቢሆን የሚያንስ አልነበረም፤ በመካከለኛው ዘመን መገባደጃ የገዳሙ መነኮሳት ኤቴልበርት ጣዖት ያመልክበት የነበረው ቤት ይኸው ነው፣ አውግስጢኖስም ቀድሶ ለክርስቶስ አደረገው ብለው ይተርኩ ነበር። በዕድሜ፣ በጡብ፣ በአፈ ታሪክ፣ በአካባቢ ሁለቱ እህትማማች ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ይለያያቸዋል፤ ጰንቅራጦስ የገዳሙ ንብረት የሆነ ጸሎት ቤት ነበር፣ ቅዱስ ማርቲን ደግሞ ምእመን ያላት አጥቢያ። ገዳሙ ሲወድቅ ጰንቅራጦስን ይህ የእኛ ነው ብሎ የሚከራከርለት ሰው አልነበረም። የቅዱስ ማርቲን ልጆች ግን በሚቀጥለው እሑድም መጠመቅ ነበረባቸው።

ከካንተርበሪ ውጭ ያለውም ማስረጃ ወደዚሁ ያመራል። በምዕራብ እንግሊዝ የቱክስበሪ ገዳም ቤተ ክርስቲያን በዘመኑ ከነበሩት ግዙፍ ሕንፃዎች አንዱ ነበር፤ ገዳሙ ለንጉሡ ሲተላለፍ እሱም ሊፈርስ ነበር። ነገር ግን የሕንፃው አንድ ክፍል የከተማዋ አጥቢያ ሆኖ ያገለግል ነበርና ምእመናኑ ቀሪውን በ453 ፓውንድ ከንጉሡ ገዝተው አዳኑት። የሴንት ኦልበንስ ከተማ ሰዎችም በ1553 የገዳማቸውን ቤተ ክርስቲያን በ400 ፓውንድ ገዝተው አጥቢያ አደረጉት። በዚያ ዘመን ለአንድ አነስተኛ ከተማ ይህ ከባድ ገንዘብ ነው። ሁለቱም ሕንፃዎች ዛሬ ቆመዋል። የካንተርበሪው የአውግስጢኖስ ገዳም ከሁለቱም በዕድሜ ይበልጥ ነበር፤ የተቀበሩበትም ሰዎች የእንግሊዝ የክርስትና አባቶች ናቸው። ግን የራሱ አጥቢያ ሕዝብ አልነበረውም፤ የሚገዛውም አልተገኘም።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያነሣ የሚችለው ቀላል ተቃውሞ አለ፤ ቅዱስ ማርቲን የተረፈችው ደሃ ስለነበረች ነው፣ የሚዘረፍ ወርቅ ስላልነበራት ነው የሚል። ግማሽ እውነት ነው። ድህነት ግን ብቻውን አያድንም፤ ጰንቅራጦስም ሀብታም አልነበረም። ጣሪያ ላይ የሚነጠፈው እርሳስ፣ ደወሉ፣ የተጠረበው ድንጋይ፣ ሁሉም በዚያ ዘመን ገንዘብ ነበር። እንዲያውም የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት አልተዘረፉም ማለት ስሕተት ነው። በኤድዋርድ 6ኛ የመጨረሻ ዓመታት፣ በ1552 እና በ1553፣ የንጉሡ መልእክተኞች በየአጥቢያው እየዞሩ ጽዋውን፣ ልብሰ ተክህኖውን፣ ደወሉን መዝግበው አብዛኛውን ወስደዋል። ሥዕሎች በኖራ ተሸፍነዋል፣ ሐውልቶች ወርደዋል። ሆኖም ቤቱን አላፈረሱም። ዘራፊው መንግሥት ዕቃውን ሲወስድ ሕንፃውን የተወው አዝኖ አይደለም፤ ሕንፃው ከንጉሡም ከመነኮሳቱም ውጭ ሕጋዊ ባለቤትና ተጠቃሚ ስለነበረው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ቢድ የጻፈላት ቤት እንዴት ትፈርሳለች? ዝናዋ ነው ያዳናት፣ ሊባል ይችላል። ዝናው ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበረውን መልክ ማየት ያስፈልጋል። የአውግስጢኖስ መምጣት ከሮም ጋር ለተጣላች ቤተ ክርስቲያን የሚያኮራ ብቻ ሳይሆን የሚያሳፍርም ታሪክ ነበር፤ እንግሊዝ ክርስትናን የተቀበለችው ከሮሙ ሊቀ ጳጳስ እጅ መሆኑን ይመሰክራልና። ካቶሊኩ ቶማስ ስቴፕልተን በ1565 የቢድን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ያሳተመው ይህንኑ ለማስታወስ ነው። ዝና ያድናል ቢባል ኖሮ ደግሞ አስቀድሞ መዳን የነበረበት አውግስጢኖስ ራሱ የተቀበረበት ገዳም ነው፤ የቤኬት ዝናማ መጥፊያው ሆነ። ዝና የቅዱስ ማርቲን አጋዥ የሆነው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥሯን በኩራት መፈለግ ጀምራ ነበር። ቢራ መጥመቂያ የነበረው የገዳም ግቢ ተገዝቶ በ1848 ሚስዮናውያን የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ ሆነ፤ በ1890ዎቹ የቅዱስ ማርቲን ግድግዳ ልስኑ እየተነሣ ተመረመረ፤ በ1897 የአውግስጢኖስ መምጣት 1300ኛ ዓመት ሲከበር የዓለም አንግሊካውያን ጳጳሳት ጉባኤ ቀኑን ከበዓሉ ጋር እንዲገጥም በአንድ ዓመት ቀደመ። ይህ ሁሉ ቤቷን ጠቅሟታል፤ አልክድም። ግን የሚመረመር ግድግዳ የተገኘው ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ያለ ዝና ስለተጠገነ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ሦስተኛው ነው፤ አጥቢያ መሆን የሚያድን ከሆነ የጠፉት አጥቢያዎችስ? ካንተርበሪ በመካከለኛው ዘመን ሃያ ያህል የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ነበሯት፤ ዛሬ ብዙዎቹ የሉም ወይም ሌላ ሥራ ላይ ናቸው። ከቅድስት ማርያም መግደላዊት የቀረው ግንቡ ነው። ተውኔት ጸሐፊው ክሪስቶፈር ማርሎ በ1564 የተጠመቀበት ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1942 የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ተቃጠለ፤ ግንቡ ብቻ ተረፈ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ከከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ በባሕር ዳርቻ የነበረችው የሪካልቨር ቤተ ክርስቲያን ዕጣ ነው። በ669 የተመሠረተች፣ ለእንግሊዝ የክርስትና ሥነ ሕንፃ እጅግ ውድ የሆነች፣ አጥቢያም የነበረች ቤት ናት። በ1809 ያፈረሷት ወራሪዎች አልነበሩም፤ የራሷ ምእመናን ናቸው። ባሕሩ ገደሉን እየበላ ቀርቧት ነበርና ድንጋዩን ለአዲስ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱት። መንታ ግንቦቿ የተረፉት ለመርከበኞች ምልክት ስለሚሆኑ የባሕር መብራቶች አስተዳደር ስለገዛቸው ነው፤ ዓምዶቿ በካንተርበሪ ካቴድራል ምድር ቤት ይታያሉ። ሪካልቨር ክርክሬን ያፈርሰዋል የሚል ይኖራል። እኔ ግን ድንበሩን በትክክል ያሰምርልኛል ባይ ነኝ። አጥቢያ ጥንታዊ ነገርን የሚጠብቀው ጥንታዊ በመሆኑ አይደለም፤ ዛሬ ስለሚጠቀምበት ነው። ሰዉ ቤቱን ነቅሎ ወደ ውስጥ ሲሄድ ቤተ ክርስቲያኑም አብሮት ይሄዳል፣ ድንጋዩም ሳይቀር። በቅዱስ ማርቲን ጉብታ ሥር ግን ባሕር አልነበረም፤ ከቅጥሩ ውጭ ያለው ሰፈርም ባዶውን አልቀረም። ይህ ዕድል ነው። የአጥቢያ ሥርዓት ዕድልን አይተካም፤ ዕድል የተገኘ እንደሆነ ግን የሚጠቀምበት ሰው ያስቀምጣል።

ስለ እሷ የሚነገረውን ያልተቋረጠ አገልግሎት የሚል ሐረግም እንዲሁ አልፎ መሄድ አይገባም። በ1011 ዴኖች ካንተርበሪን ዘርፈው ሊቀ ጳጳሱን ማርከው ወስደዋል፤ በዓመቱም ገደሉት። በ1549 ቅዳሴው ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ ተለወጠ፤ በንግሥት ሜሪ ዘመን በ1553 ተመልሶ ላቲን ሆነ፤ በ1559 እንደገና እንግሊዝኛ። በሜሪ ዘመን በዚችው ከተማ 41 ፕሮቴስታንቶች በእሳት ተቃጥለዋል። በ1645 ደግሞ ፓርላማው የጸሎት መጽሐፉን ራሱን ከለከለ፤ ንጉሣዊው አገዛዝ ተወግዶ እስኪመለስ ድረስ አንግሊካዊ የሚባል ሥርዓት በሕግ አልነበረም። ታዲያ ያልተቋረጠው ምኑ ነው? ቋንቋው፣ የበላይ ኃላፊው፣ ሥርዓቱ፣ ስለ ቁርባን የሚሰበከው ትምህርት፣ ሁሉም ተለዋውጧል። በርታ ዛሬ ብትገባ ከግድግዳው በቀር የምታውቀው አይኖራትም የሚል ሰው ብዙ አልተሳሳተም። አንድ ነገር ግን በእነዚህ ሁሉ ለውጦች ውስጥ አለፈ፤ የዚያ ሰፈር ሰው የሚጠመቅበትና የሚቀበርበት ቤት ይህ ነው የሚለው ስምምነት። ካቶሊክ የነበረው ካህን ፕሮቴስታንት ሲሆን፣ ወይም በሌላ ሲተካ፣ የመቃብሩ ግቢ ያው ነበር። በዚያ ግቢ ዛሬ የላምና የበግ ሥዕሎቹ ስም ያተረፉለት ቶማስ ሲድኒ ኩፐርና የእንግሊዝ ልጆች የሚወዱት የድቡ የሩፐርት ፈጣሪ ሜሪ ቱርቴል ተቀብረዋል። ሁለቱም የካንተርበሪ ተወላጆች ናቸው፤ ያረፉትም እንደ ማንኛውም ሰው በከተማቸው አፈር ነው።

ሕጉ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሸክሙን ከሕዝቡ ሁሉ ላይ አነሣ። በ1868 ለቤተ ክርስቲያን ጥገና በግዴታ ይከፈል የነበረው መዋጮ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ የሚሰጠው ፈቃደኛ ብቻ ነው። በ1921 ለምእመናን ሰበካ ጉባኤ ሕጋዊ ሥልጣን ተሰጠው፤ የሕንፃው እንክብካቤም ወደ እርሱ ዞረ። ከ1955 ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ሕንፃውን በየአምስት ዓመቱ በባለሙያ ማስመርመር ግዴታው ሆኗል። የሰበካ ጉባኤው አባላት ከቀድሞዎቹ ተጠሪዎች በቁጥር ይበዛሉ፤ ከኋላቸው ያለው ሰው ግን አንሷል። ቅዱስ ማርቲን ራሷ ዛሬ ከጎረቤቷ ከቅዱስ ጳውሎስ ጋር አንድ አጥቢያ ሆና ትተዳደራለች። ከሦስቱ የዩኔስኮ ሥፍራዎች ካቴድራሉ የራሱ የካህናት ጉባኤ አለው፤ ከጎብኚም ክፍያ ይሰበስባል። የገዳሙን ፍርስራሽ ቅርስ የሚጠብቅ አገራዊ ድርጅት በትኬት ያስጎበኘዋል። የሦስተኛዋ የምርመራ ሪፖርት ግን የሚመጣው እሑድ እሑድ እዚያ ለሚገኙት ሰዎች ነው፤ የትኛው ጡብ እንደላላ፣ ውኃ በየት እንደሚገባ፣ ስንት እንደሚያስወጣ ተዘርዝሮ።